13 ሰዓቱ የመመለሻው ነው፤ የመሄጃውንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ኮልፌ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። 31 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። አሁን ጠመኔው ቀርቶ ጋዜጣ ማንበብ ሆኗል ሥራዬ። አመል ግን አይለቅም። ቁጥር ሳይ ቀይ እስክሪብቶ ያምረኛል።

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር ከተሞች ያለውን የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አውጥታችሁ ነበር። ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 4 ሰዓት። ይሁን፣ ልክ ነው። ወደ ታች ስወርድ ዋሽንግተን ዲሲን አገኘሁ። 11,500 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት ይላል። እዚህ ላይ ቆምኩ። ርቀቱ ላይ ምንም የለኝም። ሰዓቱ ግን የመመለሻው ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ሲሄዱ ግን መንገድ ላይ የሚቆመው ተጨምሮ ወደ 17 ይጠጋል።

አራት ሰዓት ምን አላት እንዳትሉኝ። ታናሽ እህቴ በዚህ ኅዳር ልጇን ልታርስ ትሄዳለች። ስኳር አለባት፤ መርፌ ትወጋለች። ሰንጠረዣችሁን በመቀስ ቆርጣ፣ መርፌውን መቼ እንደምትወጋ፣ መቼ እንደምትበላ በ13 ሰዓት ከፋፍላ ጽፋ አገኘኋት። ደግነቱ ቡና ልጠጣ ጎራ ብዬ አየሁት። ሐኪሟ ዘንድ ይዣት ሄጄ ሁሉም እንደ አዲስ ተስተካከለ። እንደ እሷ ያሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው ቲኬት ቆርጠው ይልኩላቸዋል፤ እነሱ ብቻቸውን ይሳፈራሉ። የአውሮፕላን ማረፊያው እንግሊዝኛ ግራ ያጋባቸዋል። ጋዜጣ ግን ያነባሉ፤ ባያነቡም ይነበብላቸዋል።

እኔም በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንዲሁ ለአራስ ጥየቃ ሄጃለሁ። ልጄ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ጋር የተያያዘች ከተማ ናት። ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ነበር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ድርቆሽ፣ የማይጫን ነገር አልነበረም። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የተፈቀደልኝ። አንደኛው ሚዛን ላይ ሲወጣ 25 አለ። እዚያው መሬት ላይ ከፍቼ ሁለት ኪሎ በርበሬ ለሸኘኝ ለወንድሜ ልጅ መለስኩለት። ሆዴ ተቃጠለ። አውሮፕላኑም እንደ እኔ ሚዛን ላይ ወጥቶ «ቀንስ» እንደሚባል ያን ጊዜ አልገባኝም። እመለስበታለሁ።

ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ራት በላን፤ መብራቱ ጠፋ፤ እኔም ተኛሁ። ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ስነቃ አውሮፕላኑ እየወረደ ነው። በመስኮት የከተማ መብራት ይታያል። ጎማው መሬት ሲነካ «ተመስገን» ብዬ አማተብኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ብድግ ብዬ የእጅ ሻንጣዬን ከላይ ለማውረድ ስታገል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ደረስን አይደል እንዴ?»

«ኧረ ገና ነው! ይሄ ደብሊን ነው። ነዳጅ ሊቀዳ ነው የቆመው። ገና ወደ 8 ሰዓት ይቀረናል።»

አስቡት እንግዲህ። 31 ዓመት ካርታ ያስተማርኩ ሴት አየርላንድን ዋሽንግተን ብዬ ልወርድ ነበር። ልጄ በስልክ «13 ሰዓት ነው እማዬ፣ አይታወቅሽም» ብላኛለች። እሷም አልዋሸችም። ወደ አገሯ ስትመጣ የምታውቀው ሰዓት ነው። ወደ ዋሽንግተን የምንሄደው ከመቀመጫችን ሳንነሣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ።

ሲሄድ የሚቆም አውሮፕላን ሲመጣ የማይቆመው ለምንድን ነው? መልሱን ያገኘሁት ልጄ ማድ ቤት ውስጥ ነው።

ክክ ወጥ ልሠራ ጣድኩ። ኮልፌ እንደለመድኩት ጥጄው ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ብመለስ ክኩ ቀልጦ ገንፎ ሆኗል። ልጄ ሳቀች፤ እኔ ግን ገባኝ። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል፤ አየሩ ስስ ነዋ። ለዚህ ነው እኛ ጋ ክክ ቶሎ የማይበስለው። አውሮፕላኑንም መንገድ ላይ የሚያስቆመው ይኸው ስስ አየር ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ነው፤ ክንፉ የሚደገፍበትም አየር ስስ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መሮጥ አለበት። ረጅሙ የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ እሱም ያልቃል። ያለው ምርጫ ክብደት መቀነስ ነው። ታዲያ ምን ይቀነስ? ሰው ይቅር? ጭነት ይቅር? ነዳጅ ይቀነሳል። ነዳጅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ታንኩ 126 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህ ወደ 100 ቶን ይመዝናል። በእኛ አቆጣጠር 1,000 ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣም ጭኖ ከቦሌ መነሣት አይሆንለትም። ያነሰ ቀድቶ ይነሣና መንገድ ላይ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ጢም አድርጎ ቀድቶ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል።

ያን ሁለት ኪሎ በርበሬ አሁን ይቅር ብያለሁ። ቢያንስ አውሮፕላኑም እንደ እኔ ቀንሶ ነው የተነሣው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። እዚህ ላይ የሰፈራችን ሰዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ። ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ዋሽንግተን እየሸሸች ነው የሚረዝመው ይላሉ። ቢሆንማ ደስ ባለን! መርካቶ ላይ ዘለን ኮልፌ ባረፍን ነበር፤ የታክሲ ሂሳብ ይቀርልን ነበር። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። ነገሩ ሌላ ነው። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰሜኑ አትላንቲክ በኩል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። በፈረንጆቹ ክረምት ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አውሮፕላኑ በራሱ በሰዓት 900 ገደማ ይበራል። ሲሄድ ነፋሱ ፊቱን ይገፋዋል፤ ሲመጣ ከኋላው ያዘልለዋል። ፊት ለፊቴ ካለው ስክሪን እየተከታተልኩ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ስሄድ ውቅያኖሱ ላይ 800 እና ከዚያ በታች ይል ነበር። በጥር ስመለስ 1,050 ነካ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ፊልም ያያሉ፤ እኔ ቁጥር አያለሁ። ለየብቻችን ተደስተን መጣን።

ስለ ርቀቱ ትንሽ ልበል፤ ይሄ የእኔ ሰፈር ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ካያችሁ ዋሽንግተን ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ናት። ቻድን፣ ማሊን ተሻግሮ፣ ከዚያ ባሕሩን ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው የልጅ ልጄ ያኔ 7 ዓመቱ ነበር፤ መብራት የሚበራበት ሉል አለው። ከነጠላዬ ጥለት አንድ ክር መዘዝኩ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ እሱ በጣቱ ያዘ፤ ሌላውን እኔ ዋሽንግተን ላይ ወጠርኩ። ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በስፔን በኩል ሄደ። «አያቴ፣ ክሩ ጠመመ!» አለኝ። አልጠመመም፤ ምድር ናት ክብ የሆነችው። ከዚያ በዚያው ክር የምድር ወገብን ዙሪያዋን ለካን። ሦስት ጊዜ ተኩል ሆነ። የወገቧ ዙሪያ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ለሦስት ተኩል ስታካፍሉት 11,400 ይመጣል። ሰንጠረዣችሁ ርቀቱ ላይ ልክ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። በነጠላ ክር ተፈትሿል።

ክሩን ደብሊን ላይ ስናስነካው ደግሞ የረዘመው በጣም ትንሽ ነው። በስሌት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለእንዲህ ያለ መንገድ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ማቆሚያው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር ባለፉት ዓመታት ሮምንም፣ ደብሊንንም፣ የቶጎዋን ሎሜንም ተጠቅሟል። በሎሜ ሲሆን ከቀጥታው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ሲነሣ ደግሞ ያ ሰማይ በመዘጋቱ ዙሪያ መሄድ መጣ። ስለዚህ ርቀትን አንድ ቁጥር ብላችሁ ስትጽፉ «ቀጥታ» የምትል ቃል ጨምሩባት። እኛ ጎጃሞች ይህን ነገር እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በመኪና ግን የዓባይ በረሃን ወርደሽ፣ ወጥተሽ፣ 560 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከሁሉ የበለጠ መንገደኛ የሚጎዳው እዚህ ነው።

ቲኬት ላይ 22:30 ብሎ ሲጽፍ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ከ22 ላይ 6 ስትቀንሱ 16፤ ከ16 ላይ 12 ስትቀንሱ 4። ይሄ ይለመዳል። የማይለመደው ሌሊቱ ነው። የሰፈራችን አንዲት ልጅ ወደ ቤይሩት ለሥራ ስትሄድ ቲኬቷ ላይ ማክሰኞ 02:30 ይላል። ቤተሰቡ ፈረንጅ ሰዓትን በሚገባ ያውቃል፤ «ከሌሊቱ 8 ተኩል» ብሎ በትክክል ተረጎመ። ማክሰኞ ቀን ቤት ውስጥ መሸኛ ተደረገ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ተለቀሰ። ማክሰኞ ማታ ወደ ቦሌ ሄዱ። በረራው ባለፈው ሌሊት ሄዷል። ምክንያቱም ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ «ሰኞ ሌሊት» የምንለውን እነሱ ማክሰኞ ብለውታል። ማንንም አልወቅስም፤ ቲኬቱም ልክ ነበር፣ ቤተሰቡም ልክ ነበር። ልጅቷ ግን ለሌላ ቲኬት ተበደረች።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው እኮ። «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል» ብትሉ ማንም አይሳሳትም። አያቶቻችን ይህችን ቃል ያለ አውሮፕላን ሲጠቀሙባት ኖረዋል። ለምን ትጠፋለች?

የሰዓት ልዩነቱም እንደዚሁ ነው። ሰንጠረዣችሁ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ትዘገያለች ይላል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ስሄድ ልክ 7 ነበር። ጥር ላይ ስመለስ 8 ሆኗል። እኛ ሰዓታችንን አንነካም፤ አሜሪካኖቹ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ያደርጉታል። በኅዳር ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ 8 ነው። ልጆች ዘመድ ለመቀበል አንድ ሰዓት ቀድመው ወይም ዘግይተው ደለስ የሚቆሙት በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ስቆጥር ሌሊቱን ረሳሁት። ከደብሊን እንደተነሣን ልጅቷን «በአገራችን አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል» አለችኝ። የጠዋት ጸሎቴን አደረስኩ። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቁርስ ጠበቅሁ። ጨለማ። ተኛሁ፣ ነቃሁ፤ አሁንም ጨለማ። ንጋት ከኋላችን እየተከተለን ነው፤ እኛም ወደ ምዕራብ እየሸሸነው። ወደ ካናዳ ጠረፍ ስንቃረብ ነው የነጋልን። ከቦሌ ከተነሣን 14 ሰዓት ያህል ሌሊት ሆኖብናል። ጸሎቱን ደገምኩት፤ አንዱ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለዚያኛው ጠዋት ይሁን ብዬ። ስንደርስ እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ሆዴ ምሳ ይላል፣ ልጄ ቁርስ ታቀርባለች። መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ይህንን አስቀድሞ ካላወቀው ምን ይሁን?

ወደፊት ነገሩ ሊቀልል ይችላል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚሠራ ራሳችሁ ዘግባችኋል። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ከቦሌ ዝቅ ትላለች። ዝቅ ባለ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ አውሮፕላኑም የበለጠ ነዳጅ ይዞ ይነሣል። ክክም እዚያ ትንሽ ቶሎ ይበስላል። ነፋሱን ግን ማንም አያስቆመው፤ መሄጃው ከመመለሻው መርዘሙ አይቀርም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ሰንጠረዡን ስትደግሙት ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ዓምድ አድርጉለት። መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ «ይቆማል፣ አይወረድም» የምትል ቃል አስገቡ። ሰዓቱንም እኛ እንደምንቆጥረው ጻፉት። ቦታ ከጠበባችሁ ማስታወቂያውን ትንሽ ግፉት።

የእህቴ ጉዞ ሐሙስ ነው። ከጋዜጣችሁ የተቆረጠችው ወረቀት ፓስፖርቷ ውስጥ ገብታለች። 13 የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ከጎኑ እንዲህ ብዬ ጽፌላታለሁ፦ «መሄጃ 17፣ መመለሻ 13። መንገድ ላይ ሲያርፍ እንዳትነሺ።»

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ አስተማሪ
ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ